ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ለማን ብለን ነው የምንቀሰቅሳቸው?

እንደምን ዋላችሁ። ከፈረቃ ወጥታችሁ ሳታርፉ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አላንዛዛም።

በጥያቄ ልጀምር። እዚህ የአረጋውያን መንከባከቢያችን ውስጥ አንድ አዛውንትን ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ቀስቅሶ፣ አጥቦ፣ አልብሶ ዊልቸር ላይ ማስቀመጥ ማንን ይጠቅማል? ቁርስ ገና ነው። ሰውየው አንገታቸውን ደፍተው እዚያው ዊልቸሩ ላይ ያንቀላፋሉ። መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ የሌሊቱ ፈረቃ ሥራውን ጨርሶ ለጠዋቱ እንዲያስረክብ ነው። ተንከባካቢዋ ክፉ ሆና አይደለም። ስንት ሰው አዘጋጅታ እንዳስረከበች ስለሚቆጠርባት ነው።

ነዋሪን ያስቀደመ እንክብካቤ የምንለው ነገር ለእኔ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። መፈክሩማ ግድግዳው ላይ ሞልቷል። መቼ እንደሚነሱ፣ መቼ እንደሚታጠቡ፣ ምን እንደሚለብሱ፣ ከማን ጋር እንደሚቀመጡ የሚወስነው ማን ነው? እሳቸው ካልሆኑ የቀረው ወሬ ነው።

ኤለን ላንገርና ጁዲት ሮዲን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ያደረጉትን ሙከራ በ1976 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። የአንዱ ፎቅ ነዋሪዎች ክፍላችሁን እንደፈለጋችሁ አዘጋጁ፣ ፊልም የምታዩበትን ምሽት ምረጡ፣ አንዳንድ አበባ ውሰዱና ራሳችሁ ተንከባከቡት ተባሉ። ሌላው ፎቅም አበባውም ፊልሙም ደረሰው፤ ግን ሁሉንም እኛ እናደርግላችኋለን ነው የተባለው። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያዎቹ ይበልጥ ንቁና ደስተኛ ሆነው ተገኙ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ተአምር አላደርገውም። ግን አያችሁ፣ ሁለቱም ያገኙት ያው አበባ ነው።

አሁን ወደ ሻወር ልምጣ። (ገና ስሙ ሲነሳ ፊታችሁ ተቀየረ!) የመርሳት ችግር ያለባቸው እናት ሲታጠቡ ይጮኻሉ፣ ይማታሉ፣ አንዳንዴም ይነክሳሉ። እኛም መዝገብ ላይ “ይማታሉ፣ አይተባበሩም” ብለን እንጽፋለን። እስቲ በእሳቸው ቦታ ሁኑ፦ የማታውቁት ሰው መጥቶ ልብሳችሁን ያወልቃል፣ ክፍሉ ይቀዘቅዛል፣ ምንም ሳትባሉ ውኃ ከላይ ይወርድባችኋል። እኔም ብሆን እማታለሁ።

ሌላ መንገድ አለ። አልጋቸው ላይ እንደተኙ በትልቅ፣ ሞቅ ባለ እርጥብ ፎጣ ይሸፈናሉ፤ ከዚያ መለቅለቅ በማያስፈልገው ሳሙና፣ ገላቸው ሳይገለጥ፣ እያዋራን ከፎጣው ሥር ቀስ ብለን እናጥባቸዋለን። ሻወርም ቢሆን እንደ ፍላጎታቸው ሊሆን ይችላል። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት ሁለቱንም ከተለመደው አስተጣጠብ ጋር አወዳድሮ፣ በሁለቱም መረበሹና መማታቱ በግልጽ እንደቀነሰ አሳይቷል። ደግሞ አጣቢዋ የሚያውቋት ብትሆን ይመረጣል። ተንከባካቢውን በየጊዜው ከክፍል ክፍል እያዘዋወርን “ነዋሪውን እወቁ” ማለት ቀልድ ነው።

“ቢወድቁስ?” ትሉኛላችሁ። ሊወድቁ ይችላሉ። መነጽራቸውን፣ ጫማቸውን፣ የሚወስዱትን መድኃኒት፣ መብራቱን እንይ፤ ሽንት ቤት መሄድ የሚፈልጉበትንም ሰዓት እንወቅ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚወድቀው ጠርቶ ጠርቶ መልስ ሲያጣ ብቻውን ሲነሳ ነው። አልጋ ወይም ዊልቸር ላይ ማሰር ግን መፍትሔ አይደለም። የአሜሪካ ሕግ በ1987 እ.ኤ.አ. በአረጋውያን መንከባከቢያ ያለን ሰው ለቅጣት ወይም ለሠራተኛው ምቾት ሲባል ማሰርን ከልክሏል። የታሰረ ሰው ጡንቻው ይላላል፣ ገላው ይቆስላል፣ ሲፈታ ደግሞ ይበልጥ ይወድቃል።

“ሰው የለንም” የሚለው ግን እውነት ነው፤ እሱን በፈገግታ አላልፈውም። አንድ ተንከባካቢ ከአቅሟ በላይ ሰው ተሰጥቷት ትዕግሥት ጨምሪ ማለት ግፍ ነው። የሰው ቁጥሩን ጉዳይ ለአስተዳደሩ አቅርቤያለሁ፣ አሁንም እጨቀጭቃለሁ። ሆኖም ሌሊት ማን ማን እንደሚቀሰቀስ የሚነግረንን ዝርዝር መቅደድ ብር አይጠይቅም። እንዲያውም ለሌሊቱ ፈረቃ ሥራ ይቀንሳል፤ በራሱ ጊዜ የነቃ ይታጠባል፣ የተኛ ይተኛል፣ ቁርስም እስከ ረፋዱ ይቆያል። ወጥ ቤቱን አነጋግሬ ተስማምተናል።

ከሰኞ ጀምሮ “ስንት ሰው አዘጋጅተሽ አስረከብሽ” ብሎ የሚጠይቅ አለቃ ካለ ወደ እኔ ላኩት። የሌሊት ፈረቃዎች፣ እናንተ ትንሽ ቆዩልኝ፤ የትኛው ነዋሪ በተፈጥሮው ማልዶ ተነሺ እንደሆነ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ስማቸውን አብረን እንጻፍ።