የእጅ አንጓ ማሰሪያ፦ የሥራ መሣሪያን የሚይዘው እንዴት ነው? መልቀቅ ያለበትስ መቼ ነው?

(ምስል፦ ጓንት ያጠለቀ እጅ የባርኮድ ማንበቢያ ይዞ በመጋዘን መደርደሪያዎች መካከል ያልፋል።)

በእጅ ተይዞ የሚሠራ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ያልገባበት የሥራ መስክ ዛሬ ጥቂት ነው። መጋዘን ውስጥ የባርኮድ ማንበቢያ፣ ግንባታ ላይ ታብሌት፣ ጥበቃ ላይ የመገናኛ ሬዲዮ፣ ኬሚካል በሚመረትበት ፋብሪካ የጋዝ መለኪያ፣ በኤሌክትሪክ ጥገና ባለሙያ እጅ ደግሞ መልቲሜትር አለ። ሠራተኛው እነዚህን መሣሪያዎች ሲጠቀም ዓይኑም ሐሳቡም የሚያርፈው በሚቆጥረው፣ በሚለካው ወይም በሚጠግነው ነገር ላይ ስለሆነ፣ የጣቶቹ ጭብጥ መላላቱን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ መሣሪያው ከእጁ ካመለጠ በኋላ ነው። ጓንት፣ ላብ፣ ዘይት፣ ብርድና የረጅም ሰዓት ድካም ሲጨመሩበት ደግሞ ማምለጡ ይበልጥ የሚጠበቅ ይሆናል።

የእጅ አንጓ ማሰሪያ የተሠራው ለዚህች ቅጽበት ነው። ዋጋው ከሚጠብቀው መሣሪያ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የማይባል በመሆኑ ብዙ ድርጅት ሳያስብበት ይገዛዋል። እኛ ግን ሊታሰብበት ይገባል እንላለን፤ ምክንያቱም ጥሩ ማሰሪያ የሚባለው በጣም ጠንካራው ሳይሆን፣ መሣሪያው ሲወድቅ የሚይዝ፣ ማሽን ሲጎትተው ግን የሠራተኛውን እጅ አሳልፎ የማይሰጥ ነው።

(ምስል፦ ስልክ ከደረት ከፍታ ሲወድቅ በዝግታ ይታያል።)

በመጀመሪያ መውደቅ ራሱ ምን እንደሚያደርግ እንመልከት። ከደረት ከፍታ፣ ማለትም ከ1.2 ሜትር ገደማ የሚወድቅ ስልክ ወለሉን የሚመታው በሰዓት 17 ኪሎ ሜትር ያህል እየፈጠነ ነው። ለከባድ ሥራ ተብለው የሚሸጡ ብዙ መሣሪያዎች የሚፈተኑበት የአሜሪካ ጦር መመዘኛ፣ ሚል-ስታንዳርድ-810፣ መሣሪያው ከ122 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 26 ጊዜ እንዲጣል ያዛል፤ ቁጥሩ 26 የሆነውም 6ቱ ገጾች፣ 12ቱ ጠርዞችና 8ቱ ማዕዘኖች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጊዜ እንዲመቱ ተብሎ ነው። መመዘኛው እነዚህን ውድቀቶች እስከ 5 ለሚደርሱ ናሙናዎች ማከፋፈልን ስለሚፈቅድ፣ ፈተናውን ያለፈ መሣሪያ ሁሉ 26ቱንም ብቻውን ችሏል ማለት አይደለም። ከዚህም በላይ የተፈተነው ከሰው ደረት ከፍታ እንጂ ከመሰላል ጫፍ ወይም ከግንባታ መወጣጫ ላይ አይደለም። ከ10 ሜትር የሚወድቅ ዕቃ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በዚያ ከፍታ ላይ ጥያቄው የመሣሪያው መሰበር መሆኑ ይቀርና ከታች የሚያልፈው ሰው ደኅንነት ይሆናል።

(ምስል፦ ማሰሪያው በሦስት ቦታ ተከፍሎ ይታያል፤ የመሣሪያው ቀለበት፣ ገመዱ፣ የአንጓው ማቀፊያ።)

አንድ ማሰሪያ ሦስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው መሣሪያው ላይ የሚያያዝበት ቦታ፣ ሁለተኛው ገመዱ ወይም ጠፍሩ፣ ሦስተኛው አንጓውን የሚያቅፈው ክፍል ነው። ማሰሪያው የሚጠነክረው ከሦስቱ የደከመው የሚችለውን ያህል ብቻ ነው፤ በተግባር ደግሞ የሚደክመው ብዙውን ጊዜ ማንም ልብ የማይለው የመጀመሪያው ክፍል ነው።

ለሥራ ተብለው የተሠሩ ማንበቢያዎችና ሬዲዮዎች በአካላቸው ላይ ለማሰሪያ የተዘጋጀ ቀዳዳ አላቸው፤ እዚያ ላይ ማሰር ችግር የለውም። አብዛኞቹ ስልኮች ግን ይህ ቀዳዳ ስለሌላቸው፣ ማሰሪያው የሚያያዘው በስልኩና በሽፋኑ መካከል ገብቶ በባትሪ መሙያው ክፍተት በኩል በሚወጣ ቀጭን ቁራጭ ላይ ነው። ይህ ዘዴ የሚሠራው ሽፋኑ አራቱንም ማዕዘኖች አጥብቆ የያዘ እንደሆነ ብቻ ነው። ለስላሳ የሲሊከን ሽፋን ሲጎተት ይለጠጣል፣ ታችኛው ከንፈሩ ይገለበጣል፣ ስልኩም ተንሸራቶ ይወጣና ማሰሪያው ባዶ ሽፋን ተሸክሞ ይቀራል። ጠንካራው ፕላስቲክ በበኩሉ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው በዚያው በመሙያው ክፍተት ጥግና ጥግ ነው፤ ስለዚህ ሽፋኑን በየጊዜው አውልቃችሁ እነዚያን ሁለት ጥጎች በብርሃን ፊት ተመልከቱ።

በማጣበቂያ የሚለጠፍ መያዣ ከሆነ ደግሞ፣ ቦታው አስቀድሞ በአይሶፕሮፒል አልኮል ተጠርጎ መድረቅ፣ መያዣውም በኃይል ተጭኖ መለጠፍ አለበት። ጠንካራ የሚባሉት የአክሪሊክ ማጣበቂያዎች በክፍል ሙቀት ሙሉ ጥንካሬያቸውን የሚያገኙት ከ72 ሰዓት በኋላ ነውና ጠዋት የተለጠፈን መያዣ ከሰዓት በኋላ ማመን ስሕተት ነው። በቀበቶ መስቀያ፣ በባትሪ ክዳን ወይም በሌላ ተነቃይ ክፍል ላይ ማሰር ጨርሶ አይገባም።

(ምስል፦ ገመዱ በድንገት ሲወጠር፣ ከጎኑ የኃይል መጠን ይታያል።)

ስለ ገመዱ ስናወራ ብዙ ሰው የሚጠይቀው መሣሪያው ስንት ኪሎ ይመዝናል የሚለውን ነው። ጥያቄው ጥሩ ቢሆንም ግማሹን ብቻ ይመልሳል፤ ገመዱን የሚበጥሰው የተንጠለጠለው ክብደት ሳይሆን የወደቀው ክብደት በድንገት መቆሙ ነውና። ግማሽ ኪሎ ግራም የሚመዝን መሣሪያ 40 ሳንቲ ሜትር በነጻ ወድቆ በማይለጠጥ ገመድ 1 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ በገመዱ ላይ የሚያርፈው ኃይል በአማካይ 200 ኒውተን ያህል ነው፤ ይህም 20 ኪሎ ግራም ከሚመዝን የተንጠለጠለ ዕቃ ጋር ይስተካከላል። ያው መሣሪያ ከዚያው ከፍታ ወድቆ 10 ሳንቲ ሜትር በሚለጠጥ ገመድ ቢቆም ግን ኃይሉ ወደ 25 ኒውተን ይወርዳል። የማይለጠጠውን ገመድ አሳጥረን መሣሪያው በነጻ የሚወድቀው 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ እንዲሆን ብናደርግም 55 ኒውተን ገደማ ይሆናል። ይህ ሁሉ አማካይ ስለሆነ የቅጽበቱ ከፍተኛ ኃይል ከዚህ ይበልጣል። ስለዚህ ወፍራም ገመድ ከመፈለጋችሁ በፊት ያለውን አሳጥሩት፣ ወይም የሚለጠጥና እንደ ጥቅል ሽቦ የሚሳብ ገመድ ምረጡ። ገመዱን የምታሳጥሩት ሠራተኛው መሣሪያውን በሙሉ እጁ ለመጨበጥ እስከማይቸገርበት ድረስ ነው።

ቀጭን ገመድ በእጅ ፍጥነት ሲፈተን ምን እንደሚሆን በይፋ የታየበት አጋጣሚ የመጣው ከሥራ ሳይሆን ከጨዋታ ዓለም ነው። በ2006 መጨረሻ ኒንቴንዶ ዊ የተባለውን የጨዋታ መሣሪያ ለገበያ ሲያቀርብ፣ ተጫዋቾች መቆጣጠሪያውን እያወናጨፉ ሲለቁት የአንጓ ማሰሪያው ገመድ ተበጥሶ መቆጣጠሪያው የሚበርበት ሁኔታ ተከሰተ። ኩባንያው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ውስጥ 3.2 ሚሊዮን ያህል ማሰሪያዎችን በነጻ ለመተካት ተገደደ፤ የገመዱም ውፍረት ከ0.6 ወደ 1 ሚሊ ሜትር ከፍ አለ። መቆጣጠሪያው እጅግ ቀላል ዕቃ ነበር። ገመዱን የበጠሰው የክንዱ ፍጥነት ነው፤ በሥራ ቦታም መሰላል የሚወጣ፣ ከተሽከርካሪ የሚዘል ወይም ሣጥን የሚወረውር ሠራተኛ ክንድ የሚፈጥረው ኃይል ከዚህ የሚተናነስ አይደለም።

(ምስል፦ ሁለት ዓይነት ማሰሪያዎች ጎን ለጎን።)

ከዓይነቶቹ መካከል በብዛት የሚታዩት ሁለት ናቸው። አንደኛው አንጓ ላይ የሚገባና በተንሸራታች መቆለፊያ የሚጠብቅ የገመድ ቀለበት ነው። ሁለተኛው በመሣሪያው ጀርባ ላይ ተዘርግቶ እጅን ከነመዳፉ አቅፎ የሚይዝ ሰፊ ጠፍር ነው። ቀኑን ሙሉ ለሚያነብና ለሚመዘግብ ሠራተኛ ሁለተኛውን እንመርጣለን። የገመድ ቀለበቱ መሣሪያው ካመለጠ በኋላ ብቻ የሚሠራ ሲሆን፣ ሰፊው ጠፍር ግን ገና ከጅምሩ የመሣሪያውን ክብደት ከጣቶቹ ላይ ወስዶ ለእጁ ጀርባ ያካፍላል፤ ጣቶቹ ዘና ሲሉ ድካሙም ማምለጡም ይቀንሳል። በሌላ በኩል በየደቂቃው ሁለቱንም እጆቹን የሚፈልግ ሠራተኛ መሣሪያውን ከአንጓው ላይ ቢያንጠለጥል በየመደርደሪያውና በየብረቱ ይጋጭበታል። እንዲህ ላለው ሰው የቀበቶ ማኅደርና ራሱን የሚጠቀልል ገመድ ይሻለዋል።

አንጓው ራሱም ወሰን አለው። ወደ ጣቶች የሚሄደው መካከለኛው ነርቭ በአንጓው ውስጥ ከጅማቶች ጋር በጠባብ መተላለፊያ የሚያልፍ በመሆኑ፣ አጥብቆ የታሰረ ጠፍር ጣቶችን ያደነዝዛል። በጠፍሩና በቆዳው መካከል ሁለት ጣት የማይገባ ከሆነ ይላላ፤ ጓንት የሚጠለቅበት ሥራ ከሆነም ልኩ የሚወሰደው ጓንቱ ተጠልቆ ነው። ክብደትን በተመለከተ በዘርፉ የተለመደው አሠራር ከ2.3 ኪሎ ግራም ገደማ በላይ የሆነ መሣሪያ ከሰው አካል ጋር ሳይሆን ከማይነቃነቅ ሕንጻ ወይም ብረት ጋር እንዲታሰር ይጠይቃል፤ አንጓ ላይ የሚታሰረው ከዚህም በእጅጉ ማነስ አለበት። ከከፍታ ላይ የሚወድቁ ዕቃዎችን ለመከላከል በ2018 የወጣው የአሜሪካ መመዘኛ፣ አንሲ/አይሲያ 121፣ የማሰሪያዎችን የፈተናና የምልክት አጻጻፍ ሥርዓት ስለሚወስን፣ በከፍታ ለሚሠራ ሥራ ማሰሪያ ስትገዙ የሚችለው ከፍተኛ ክብደት የተጻፈበትን ፈልጉ። ምንም ያልተጻፈበት ማሰሪያ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

(ምስል፦ የሚሽከረከር ዘንግ፤ ከፊቱ የተንጠለጠለ ገመድ።)

አሁን ከሁሉ በላይ ትኩረት ወደሚሻው ጉዳይ ደርሰናል። እስካሁን ማሰሪያው እንዳይበጠስ ስንለፋ ቆይተናል፤ ነገር ግን በሚሽከረከር ማሽን አጠገብ የማይበጠስ ማሰሪያ አደጋ ነው። መሰርሰሪያ፣ መቅረጫ ማሽን (ቶርኖ) ወይም ዕቃ ተሸካሚ ቀበቶ የያዘውን ገመድ የሚጠቀልለው ሰው እጁን ለመሳብ ከሚያስብበት ጊዜ በፈጠነ ሁኔታ ነው፤ ገመዱ ካልለቀቀ የሚከተለው አንጓው ነው። ለዚህ ተብሎ በተወሰነ ኃይል ሲጎተት በራሱ የሚከፈት ዘለበት ያላቸው ማሰሪያዎች አሉ። ሆኖም ዘለበቱ ከመሣሪያው ውድቀት ኃይል በላይ እየያዘ፣ እጅን ከሚጎዳ ኃይል በፊት መከፈት አለበት፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ መሣሪያው እየከበደ በሄደ ቁጥር ይጠባል። ገመዱን ማሳጠርና ተለጣጭ ማድረግ የሚጠቅመው እዚህም ላይ ነው፤ የውድቀቱ ኃይል ሲያንስ ዘለበቱን በቀላሉ እንዲከፈት ማድረግ ይቻላልና።

በእኛ እምነት ውሳኔው እንዲህ መሆን አለበት። ከሥሩ ሰዎች በሚያልፉበት ከፍታ ላይ የሚሠራ ሰው በራሱ የማይከፈት፣ ክብደቱ የተጻፈበት ማሰሪያ ይጠቀም። ተሽከርካሪዎችና መደርደሪያዎች ባሉበት መሬት ላይ የሚሠራ ሰው የሚከፈት ዘለበት ያለውን ይያዝ። ክፍት የሚሽከረከር ክፍል ካለው ማሽን ፊት የሚቆም ሰው ግን ምንም ዓይነት ማሰሪያ አያድርግ፤ መሣሪያውን አስቀምጦ ይቅረብ። የሚከፈተው ዘለበት ለዚህ ሦስተኛ ቦታ ፈቃድ ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

ሌሎች ጥንቃቄዎችም አሉ። ኃይል ካለው የኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ የብረት ሰንሰለትና የብረት ቀለበት ያለው ማሰሪያ አይፈቀድም። ፈንጂ ጋዝ ሊኖር በሚችልበት ቦታ መሣሪያው ብቻ ሳይሆን ማሰሪያውም ለዚያ ቦታ የተፈቀደ መሆን አለበት፤ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ሲፈተግ የኤሌክትሪክ ሙል ያጠራቅማልና። በሕክምና ቦታ ጨርቅ ፈሳሽና ጀርም ይመጥጣል። እንግሊዝ በ2007 ለሆስፒታሎቿ ባወጣችው መመሪያ ሕሙማንን የሚነኩ ሠራተኞች ከክርናቸው በታች ሰዓትም ሆነ እጅጌ እንዳይኖራቸው የጠየቀችው አንጓ በሚገባ እንዲታጠብ ነው፤ ስለዚህ በዚያ ዓይነት ክፍል ከአንጓ ማሰሪያ ይልቅ በመሣሪያው ጀርባ ያለ፣ በመድኃኒት የሚጠረግ የሲሊከን መያዣ ይመረጣል። የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞች የሚያደርጉት፣ ውስጡ 1 ሜጋኦም መቋቋሚያ ያለው የአንጓ ማሰሪያ ደግሞ ስታቲክ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርድ ሌላ ዕቃ ነው፤ መሣሪያ ለመያዝ አልተሠራም።

(ምስል፦ የገመዱ ጫፍ በቅርበት።)

ምርመራው ረጅም ጊዜ አይወስድም። ገመዱን በመሣሪያው ቀዳዳ ውስጥ በሚገባበት ቦታ ያዙትና አጥፉት፤ መበጠስ የሚጀምረው እዚያ ነው። መጀመሪያ ጸጉር የመሰሉ ክሮች ብቅ ይላሉ፣ ቀጥሎ ቦታው ይሳሳል፣ ቀለሙም ይነጣል። ተንሸራታቹ መቆለፊያ ሲጎተት የሚንሸራተት ከሆነ ውስጡ ያለው ስፕሪንግ ደክሟል። በአቧራና በክር የተሞላ ቬልክሮ (ሲጫኑት የሚጣበቅ፣ ሲስቡት የሚላቀቅ ማያያዣ) ድምፅ ቢያሰማም አይይዝም። በመጨረሻ መሣሪያውን ለስላሳ ነገር በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ ማሰሪያውን በእጃችሁ በኃይል ሳቡት። ይህን የሚያደርገው መሣሪያውን ለፈረቃው የሚረከበው ሠራተኛ ራሱ ቢሆን ይሻላል።

አንድ ጊዜ ከባድ ውድቀት የያዘ ማሰሪያ ዓይን ላይ ምንም ጉዳት ባይታይበትም ከነመያዣው ይቀየራል፤ ናይለን ክሮቹ በውስጥ ተጎድተው በውጭ ደኅና ሊመስሉ ይችላሉና። አሮጌውን መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጡት፤ ሌላ ሰው አንስቶ እንዳያስረው ሁለት ቦታ ቆርጣችሁ ጣሉት።