የልጅ ጆሮ የሰማው ነገር፦ «የትንሹ ኒኮላ የዕረፍት ጊዜ» ፊልም ሳቁን ከየት ያመጣል?

ጤና ይስጥልኝ። በዚህ ቪዲዮ የምንመለከተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 በፈረንሳይ ሲኒማ ቤቶች የታየውንና ሎራን ቲራር ያዘጋጀውን «የትንሹ ኒኮላ የዕረፍት ጊዜ» የተሰኘ የቤተሰብ ኮሜዲ ነው።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ኒኮላ ከአባቱ፣ ከእናቱና ከሴት አያቱ ጋር ወደ ባሕር ዳርቻ ይሄዳል፤ ቤተሰቡም ቦ-ሪቫዥ በሚባል ሆቴል ያርፋል። አባትየው ዕረፍቱን ከአማቱ ጋር ማሳለፍ ግድ ስለሆነበት፣ ያሰበውን ያህል እንደማያርፍ ገና ከመንገዱ ይገባናል። ኒኮላ ግን ወዲያውኑ ጓደኞች ያፈራል። ብሌዝ እንግዳ ሳይሆን የዚያው አገር ልጅ ነው፤ ፍሩክቱዎ ያገኘውን ሁሉ፣ ዓሣም ቢሆን፣ ይበላል፤ ጆጆ እንግሊዛዊ በመሆኑ አነጋገሩ ከሌሎቹ ይለያል፤ ክሬፓን ዘወትር ያለቅሳል፤ ኮም ደግሞ ምንጊዜም «ትክክለኛው እኔ ነኝ» ባይ ነው። እያንዳንዱ ልጅ በአንድ ጠባይ ብቻ መሳሉ የድርሰት ድክመት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ልጅ ስለ አዲስ ጓደኛው ለቤተሰቡ ሲያወራ «ያ አልቃሻው» ወይም «ያ ሆዳሙ» ብሎ ነውና የሚጀምረው፣ ፊልሙ ሰዎቹን የሚያስተዋውቀን በኒኮላ አንደበት መሆኑን እዚህ ላይ ልብ ልንል ይገባል።

የሳቁ ዋና ምንጭም ይኸው ነው። ኢዛቤል የምትባል ልጅ ትላልቅ ክብ ዓይኖቿን ከኒኮላ ላይ አትነቅልም፤ እርሱም ወላጆቹ በግድ ሊድሩት እንደተነሡ ያምናል። ተመልካቹ የአዋቂዎቹን ጨዋታ በአዋቂ ጆሮ ስለሚሰማ እንዲህ ያለ ሐሳብ እንደሌለ ያውቃል፤ ለኒኮላ ግን አደጋው እውነተኛ ስለሆነ፣ ከጓደኞቹ ጋር የሚሸርበው ሤራ ሁሉ በፍጹም ቁም ነገር የሚፈጸም ነው። ፊልሙ በልጁ ፍርሃት ላይ አለመሳለቁን፣ ይልቁንም ፍርሃቱን እስከ መጨረሻው ተከትሎ መሄዱን እጅግ እወድለታለሁ።

ይህ ጥበብ የተወረሰው ረኔ ጎሲኒ ከጻፈውና ዣን-ዣክ ሳምፔ በሥዕል ካስጌጠው፣ በ1962 ከታተመው መጽሐፍ ነው። የፈረንሳይ ሠራተኛ ደመወዝ የሚከፈልበት የሁለት ሳምንት ዕረፍት በሕግ ያገኘው በ1936 ሲሆን፣ በ1956 ሦስተኛ ሳምንት ተጨምሮለታል። ስለዚህ መጽሐፉ ሲወጣ፣ በሐምሌና በነሐሴ ጓዝ ጠቅልሎ ወደ ባሕር መውረድ አንባቢው ከራሱ ቤት የሚያውቀው ነገር እየሆነ ነበር።

መጽሐፉ ኒኮላን ያለ ወላጆቹ ወደ ልጆች የዕረፍት ካምፕም ይወስደዋል፤ ፊልሙ ግን በባሕር ዳርቻው ላይ አተኩሮ ሰፊ ቦታ ለወላጆቹ ይሰጣል። ቫሌሪ ለመርሲዬና ካድ መራድ እናትና አባት ሆነው በብቃት ይተውናሉ፤ ሆኖም ታሪኩ የእነርሱን ቅናትና ኩርፊያ ሲከተል ኒኮላ ከዓይናችን ይሰወራል፣ እኔም ወደ ልጆቹ እስክንመለስ እቸኩላለሁ። በሳምፔ ሥዕሎች ውስጥ ትንሹ ልጅ በሰፊው ነጭ ወረቀት ላይ ብቻውን ቆሞ እንኳ ዓይን የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው።