ቀይ ቀበሮ ለማትረፍ ውሻ መከተብ፦ ወደ ተፈጥሮ ጥበቃ ሥራ ለምትገቡ ተማሪዎች

[ምስል፦ የባሌው የሳነቴ አምባ በጭጋግ፤ ፍልፈል ላይ የሚያደባ ቀይ ቀበሮ]

ሰላም ጤና ይስጥልኝ! ኢኮሎጂ ለሚማር ሰው የወደፊት ሥራው ሲታሰበው የሚመጣለት ይሄ ነው። ተራራ፣ ቢኖኩላር፣ ብርቅዬ እንስሳ። ውሸት አይደለም። ግን የሥራው ትንሹ ክፍል ነው።

ባሌን እንውሰድ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። ለመራባት የደረሱት ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። እርሻና ግጦሽ መኖሪያቸውን እያጠበበው ነው። በአንዴ የሚጨርሳቸው ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተነሳው ወረርሽኝ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጅቷል። በሽታውን ወደ ቀበሮዎቹ የሚያሻግሩት ከከብት ጋር ደጋ የሚወጡ ውሾች ናቸው።

[ምስል፦ የእረኛ ቤት፣ ደጃፉ ላይ የተኛ ውሻ]

ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ እዚያ የሚሠራው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ከዋና ሥራዎቹ አንዱ ውሻ መከተብ ነው። ቀላል ይመስላል አይደል? እስቲ ደጃፉ ድረስ እንሂድ። ውሻው ታስሮ አያውቅም። ከብቱን ከጅብ የሚጠብቅ ነው እንጂ የሚሞላቀቅ አይደለም፤ እንግዳ ሲጠጋው ይነክሳል። አንገቱን መያዝ የሚችለው ባለቤቱ ብቻ ነው። ባለቤቱ ደግሞ «መርፌው ካደነዘዘው ሌሊት ማን ይጮህልኛል?» ቢላችሁስ? ክትባቱ ከበረዶው ሳጥን ወጥቶ እየጠበቀ ነው።

እዚህ ላይ የኢኮሎጂ «ኤ» አያድናችሁም። የሚያድናችሁ አፋን ኦሮሞ መቻል፣ ቡና ሲቀርብ አለመቸኮል፣ ያው በሽታ ልጁንም ላሙንም እንደሚገድል በትዕግሥት ማስረዳት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ቀበሮዎቹ ራሳቸው በሚበላ ክትባት መከተብ ጀምረዋል። የውሻው ሥራ ግን አልቀረም።

ሰሜን ሸዋ ወዳለው የመንዝ ጓሳ ጥብቅ ቦታም ብትሄዱ ያው ነው። ሣሩን ለዘመናት የጠበቀው «ቄሮ» የሚባለው የማኅበረሰቡ ሥርዓት ነው፤ መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚታጨድ የሚወስኑት ሽማግሌዎች ነበሩ። እነሱን ማዳመጥ የማይችል ባለሙያ ጥናቱ የቱንም ያህል ቢያምር እዚያ ብዙ አይራመድም።

[ምስል፦ ካርታ የተከፈተበት ላፕቶፕ]

አሁን ወደ ክህሎት። አንድ ነገር በደንብ ቻሉ። የእኔ ምርጫ ካርታ ነው። ኪው ጂ አይ ኤስ የሚባለው የካርታ መሥሪያ ፕሮግራም ነፃ ነው፣ በመካከለኛ ላፕቶፕም ይሠራል። ካርታ የሚሠራ ልጅ ፓርክም፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤትም፣ ፕሮጀክትም ይፈልገዋል። ቀጥሎ ስታትስቲክስ፤ «አር» የሚባለው ፕሮግራምም በነፃ ይገኛል። ሞተር ሳይክል መንዳትም ተለማመዱ፣ ቀልዴን አይደለም።

ስለ ገንዘቡም ልናገር። የፕሮጀክት ሥራ ኮንትራት ነው፤ የረጂው ገንዘብ ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል። የመንግሥቱ ደመወዝ ትንሽ ቢሆንም ሜዳውን ያሳያችኋል። ፓርክ ውስጥ የሠራ ሰው ቢሮ ሆኖ ሪፖርት ብቻ ካነበበው ሰው ይለያል።

[ምስል፦ የመስክ ማስታወሻ ደብተር]

አሁንም ተማሪ ከሆናችሁ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን አታባክኑት። ርዕስ ከመምረጣችሁ በፊት ወደ አንድ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ «ምን ማወቅ ትፈልጋላችሁ?» በሉ። ምናልባት የእምቦጭ ስርጭት ይሆናል፣ ምናልባት ዝንጀሮ የሚያጠፋው ሰብል። ርዕሱ ላያምር ይችላል፤ ጥያቄው ግን የእውነት ነው። ስካውቶቹን፣ ማለትም የፓርኩን ጠባቂዎች፣ ስለ ቦታው ጠይቋቸው፣ ስማቸውንም ምስጋናው ላይ ጻፉ። ስትጨርሱ የጥናቱን ቅጂ፣ ከሁለት ገጽ የአማርኛ ወይም የአካባቢው ቋንቋ ማጠቃለያ ጋር፣ ለዚያው ጽሕፈት ቤት በእጃችሁ ስጡ። ብዙ ተማሪ መረጃውን ሰብስቦ ይሄድና በዚያው ይጠፋል። ተመልሶ የመጣውን ልጅ የፓርኩ ኃላፊ ስልኩን ይመዘግበዋል።