ፒዲኤፉን የለቀቀው ማን ነው?

(በቱሉ ዲምቱ ለንባብ ክበብ አባላት የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የክበባችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ ወጣት ጸሐፊዎቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ!

የተሰጠኝ ርዕስ «ደራሲና ማኅበራዊ ሚዲያ» የሚል ነው። ስለ ፌስቡክና ስለ ቲክቶክ ብዙ ማለት ይቻላል፤ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ቴሌግራም ላይ የሚለቀቀው ፒዲኤፍ ነው።

ከመካከላችን አንዲት እህት አለች፤ ስሟን አልጠራም፣ ታውቋታላችሁ። የመጀመሪያ መድበሏን ለማሳተም የዕቁብ ዕጣዋን እንዳለ ለማተሚያ ቤት አስረከበች። የወረቀት ዋጋ ሲንር እየተጨነቀች ከርማ መጽሐፉ ወጣላት። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ላሉ ሻጮች በዱቤ አከፋፈለች። የመጀመሪያው ሒሳብ ሳይሰበሰብ መጽሐፉ በስልክ ካሜራ ገጽ በገጽ ተነሥቶ አንድ ቻናል ላይ ተለቀቀ። ገጹን ገልጦ የያዘው ሰው አውራ ጣት በየፎቶው ጠርዝ ይታያል! «እባክህ አውርደው» ብላ ጻፈችለት። «እያስተዋወቅሁሽ ነው፤ ልታመሰግኚኝ ይገባሽ ነበር» አላት።

ልታመሰግን? የሰው ጎተራ ገልብጦ «ድሃ አበላሁ» የሚል ምስጋና ይገባዋል? የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን ሥራ ያለ ምንም ምዝገባ ይጠብቃል፤ የሚያስገኘው ጥቅምም ደራሲው በሕይወት እስካለ የእርሱ፣ ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት የወራሾቹ ነው። ስልክ ላይ ስለተፈጸመ ስርቆትነቱ አይቀርም!

አንባቢውን አልወቅስም። ከዚህ ተነሥቶ ፒያሳ ወይም ለገሃር ደርሶ መመለስ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ የታክሲው ወጪ ከመጽሐፉ ዋጋ ጋር ሲደመር ደግሞ ያስመርራል። በስልኬ ላንብብ ማለቱ ተገቢ ነው። እንግዲያው ደራሲው ራሱ ከሌባው ቀድሞ ይድረስለት። ጽሑፉ እኮ ለኅትመት ሲዘጋጅ ኮምፒውተር ላይ ተጽፏል። ኢፐብ በሚባለው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ፋይል ይዘጋጅ፤ ፒዲኤፍ የታተመውን ገጽ እንዳለ ስለሚያስቀምጥ በትንሽ ስክሪን ዓይን ያደክማል፣ ኢፐብ ግን ፊደሉን አንባቢው እንደፈለገ ያሳድግለታል። ዩኒኮድ፣ ማለትም ስልክም ኮምፒውተርም የሚያውቀው የጋራ የፊደል አሠራር፣ ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ረቂቅ ያላችሁ አስቀድማችሁ ወደ ዩኒኮድ አስለውጡ፤ አለዚያ ስልክ ላይ የማይነበብ ምልክት ብቻ ይሆናል። ክፍያው በቴሌብር ይሁን፤ በምትልኩት ፋይል የመጀመሪያ ገጽ ላይም የገዢው ስም ይጻፍ። ስሙ ያረፈበትን መጽሐፍ ለማያውቀው ሕዝብ የሚበትን ብዙ አይደለም።

የመጀመሪያውን ምዕራፍ በራሳችሁ ቻናል በነጻ ልቀቁ። ድምፃችሁ ጥሩ የሆነ አንብባችሁ ቅረጹት። ስለ ማስታወቂያው ከእኔ ይልቅ ወጣቶቹ ያውቃሉ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አልወርድም። የእኛው ክበብ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ያለ ደራሲዎቻቸው ፈቃድ የተለቀቁ መጻሕፍት አሉ። የዚያች እህታችን መጽሐፍም አለበት! ከዚህ አዳራሽ ሳንወጣ ሁሉም እንዲሰረዙ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ሰብሳቢያችን አሁኑኑ ድምፅ ያሰጡበት።