ሴሎች ጎረቤቶቻቸውን እንዴት ይጎትታሉ?

(ስክሪን ላይ፦ ቆዳ በጣት ሲሳብ፣ ቀጥሎ ጎን ለጎን የተደረደሩ ሴሎች)

የእጃችሁን ቆዳ ያዝ አድርጋችሁ ሳቡት። ተወጠረ እንጂ አልተበጠሰም አይደል? አንዱ ምክንያት ሴሎቹ እርስ በርስ ተያይዘው መኖራቸው ነው።

ከሚያያይዟቸው ፕሮቲኖች ዋነኛው ካድሄሪን ይባላል። ያገኘው ጃፓናዊው ማሳቶሺ ታኬይቺ ነው። ከሴሉ ሽፋን ብቅ ብሎ የጎረቤቱን ካድሄሪን ይይዛል፤ ለመያዝ ግን ካልሲየም ያስፈልገዋል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ካልሲየሙን ሲያስወግዱት ሴሎቹ መላቀቅ ይጀምራሉ። በውስጥ በኩል ደግሞ ካድሄሪኑ አክቲን ከሚባሉ ክሮች ጋር ተያይዟል፣ ክሮቹን ሚዮሲን የሚባል ሌላ ፕሮቲን ይስባቸዋል፣ ስለዚህ አንዱ ሴል ሲኮማተር ጎረቤቱም አብሮ ይጎተታል።

ይሄ ጉልበት ታዲያ በምን ይታወቃል? ሴል ሚዛን ላይ አይወጣ!

(ስክሪን ላይ፦ የፍራፍሬ ዝንብ ሽል በማይክሮስኮፕ)

እኔ በጣም የምወደው ዘዴ ይሄ ነው። ተመራማሪዎቹ የፍራፍሬ ዝንብ ሽልን በማይክሮስኮፕ እያዩ በሁለት ሴሎች መካከል ያለውን ድንበር በሌዘር ይቆርጡታል። ድንበሩ ተወጥሮ ከነበረ፣ ልክ እንደተቆረጠ ላስቲክ ሁለቱ ጫፎች ወዲያው ይሸሻሉ። አሸሻሻቸው ሲፈጥን ውጥረቱ ከፍተኛ እንደነበር ያሳያል። ትክክለኛውን የጉልበት መጠን አይሰጠንም፣ ምክንያቱም በዙሪያው ያለው ነገርም ያዝ ስለሚያደርጋቸው፤ አንዱን ድንበር ከሌላው ለማወዳደር ግን ግሩም ነው።

በዚህ መንገድ ነው ሽሉ እንዴት እንደሚረዝም የገባን። ከጀርባ ወደ ሆድ በሚሄዱት ድንበሮች ላይ ሚዮሲን ይበዛል። እነሱ ያጥራሉ፣ ሴሎቹ ጎረቤት ይለዋወጣሉ፣ ሕብረ ህዋሱ ከራስ ወደ ጭራ ይረዝማል። ሴሎቹ መብዛት እንኳ ሳያስፈልጋቸው!

ሴሎች መጨናነቅም ይሰማቸዋል። ፒዬዞ 1 የሚባል ፕሮቲን አላቸው፤ ሽፋናቸው ሲወጠር እንደ በር ይከፈታል። አርደም ፓታፑቲያን እ.ኤ.አ. በ2021 ኖቤል የተጋራው ፒዬዞዎችን በማግኘቱ ጭምር ነው። ሲጨናነቁ ትርፍ ሴሎች በሕይወት እያሉ ከረድፉ ተገፍተው ይወጣሉ፣ ሲለጠጡ ደግሞ ይከፋፈላሉ፣ በሁለቱም ውስጥ ፒዬዞ 1 እጁ አለበት።

(ስክሪን ላይ፦ የጨጓራ ግድግዳ)

መያያዙ ሲላላስ? እ.ኤ.አ. በ1998 በኒውዚላንድ የማኦሪ ቤተሰቦች ውስጥ በዘር የሚተላለፍ የጨጓራ ካንሰር ከካድሄሪን ጂን ጉድለት ጋር መያያዙ ታወቀ። በዚህ ካንሰር ሴሎቹ እብጠት አይሠሩም፣ ተበታትነው ግድግዳው ውስጥ ይሰርጋሉ፣ በኢንዶስኮፒም (በአፍ በሚገባ የካሜራ ቱቦ) በቀላሉ አይታዩም። ስለዚህ ጉድለቱን ለወረሱ ብዙ ሰዎች ሐኪሞች የሚመክሩት ከባድ ነገር ነው፦ ሳይታመሙ ጨጓራቸውን በቀዶ ጥገና ማስወጣት።