ከአብዮቱ በላይ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ነው የማወራው። ስለ ደርግ ዘመን ነው፤ ስለ ቀይ ሽብሩና ስለ ጦርነቱ ብዙ ተብሏል። እኔ የማነሳው ቤት ዘግተው ስለጸለዩ ስለታሰሩ ሰዎች ነው። ስለ ወንጌል አማኞች።

ይህን ርዕስ ሳነሳ ሁለት መልስ ይመጣል። አንደኛው «ኮሚኒስት መንግሥት ነበር፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «እነሱም እኮ የፈረንጅ ሃይማኖት ይዘው መጥተው ሕዝቡን አስቆጡት» ይላል። ሁለቱም አይዋጡልኝም። የመጀመሪያው እኛን ሁላችንንም ነፃ ያወጣናል። ሁለተኛው ደግሞ ጥፋቱን መልሶ ታሳሪው ላይ ይጭናል።

ነገሩ ከደርግም አልጀመረም። የሙሉ ወንጌል አማኞች በ1959 ዓ.ም. ለንጉሡ መንግሥት የመታወቅ ጥያቄ አቀረቡ። ተከለከሉ። ነሐሴ 1964 ላይ እሑድ ለአምልኮ እንደተሰበሰቡ አዲስ አበባ ውስጥ ከ200 በላይ ሰዎች ተለቅመው ታሰሩ። አብዛኞቹ ወጣቶች፣ ተማሪዎች ነበሩ። የተከሰሱትም ያለ ፈቃድ በመሰብሰብ ነው። ፈቃዱን ከልክሎ ያለ ፈቃድ ተሰበሰባችሁ ማለት! እስቲ አስቡት።

ስለዚህ አብዮቱ ሲፈነዳ ብዙ አማኞች ደስ ብሏቸው ነበር። ሚያዝያ 1966 ሙስሊሞች የእኩልነት ጥያቄ ይዘው በአዲስ አበባ አደባባይ ወጥተዋል። ደርግም ሥልጣን ሲይዝ የሃይማኖት እኩልነት አወጀ፤ የሙስሊም በዓላት ብሔራዊ በዓል ሆኑ። እናቴ ያኔ ናዝሬት ተማሪ ነበረች። «ከእንግዲህ ማንም አይነካንም ብለን ነበር» ትለኛለች። ብዙም አልቆየ። መጋቢት 1969 የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ ተወረሰ። ከዚያ በየክፍለ ሀገሩ፣ በተለይ ወለጋ፣ አብያተ ክርስቲያናት መታሸግ ጀመሩ።

እናቴ የመሠረተ ክርስቶስ አባል ናት። የእነሱ ቤተ ክርስቲያን ጥር 1974 ላይ ተዘጋ። የጸሎት ቤቶቹ፣ የናዝሬቱ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት፣ የባንክ ሒሳቡ ሳይቀር ተወሰደ። ስድስት መሪዎች ታስረው ከአራት ዓመት በላይ ቆዩ። ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ነገር ነው በደንብ ልነግራችሁ የምፈልገው።

አማኞቹ በቤት ተከፋፈሉ። አምስት፣ ስድስት፣ ቢበዛ ሰባት ሰው። ከዚያ በላይ አይፈቀድም፤ ሰው ያያላ! በአንድ ሰዓት አይመጡም። አንዷ አራት ሰዓት ላይ ዘንቢል ይዛ ትገባለች። ሌላው ግማሽ ሰዓት ቆይቶ በጓሮ በኩል ይመጣል። ጫማ በር ላይ አይወልቅም። የጫማው ብዛት ያጋልጣላ። ይዘውት ይገባሉ፤ አልጋ ሥር ይደረደራል። ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ ረከቦት ይቀርባል፣ ፈንዲሻ ይፈነዳል። ቀበሌ በሩን ቢያንኳኳ ቡና እየጠጡ ነው። መጽሐፍ ቅዱሱ ሞሶቡ ውስጥ፣ ከእንጀራው ሥር ነው። መዝሙር በሹክሹክታ ነው የሚዘመረው። እናቴ እስከ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አትዘምርም። ጭብጨባው ሲደምቅ እንኳ ከንፈሯ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው።

እነዚህን ቤቶች ይዘው ያቆዩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ወንዶቹ ይጠረጠራሉ፣ ይጠራሉ፣ ይታሰራሉ። ሴት ግን ጎረቤት ቡና ልትጠጣ ሄደች ቢባል ማን ይጠይቃል? የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሲጻፍ የታሰሩት መሪዎች ስም ይነሳል፤ መነሳትም አለበት። ቡና ሲያፈሉ የኖሩት ግን የሉበትም። ይህ ያናድደኛል።

ደርግ ሲወድቅ፣ በ1983፣ ሒሳቡ ተሠራ። ሲዘጋ 14 አጥቢያና ወደ 5,000 አባላት የነበሩት ቤተ ክርስቲያን ከ34,000 በላይ አባላት ይዞ ወጣ። ሕንፃ የለ፣ ድምፅ ማጉያ የለ፣ ገንዘብ የለ። ግን እባካችሁ ይህን ቁጥር ይዛችሁ «ስደት ጠቀማቸው» እንዳትሉኝ። እንዲህ ሲባል ደሜ ይፈላል። የታሰረውን፣ የተገረፈውን፣ ከዩኒቨርሲቲ የተባረረውን ልጅ ሄዳችሁ ጠቀመህ ወይ በሉት።

አሁን ወደ ቀበሌው ልመለስ። በብዙ ቦታ የቀበሌ ስብሰባ የሚጠራው እሑድ ጠዋት ነበር። አስቡት፣ ሳምንቱን ሙሉ ቀን ሞልቶ! ስብሰባው የሚዘጋው በመፈክር ነው። ሁሉም ተነስቶ ግራ እጁን ወደ ላይ ይሰነዝራል። «ከሁሉም በላይ አብዮቱ!» ይላል። ብዙ አማኝ ወጣቶች እዚህ ላይ ነው የተያዙት። ስብሰባ ይመጣሉ፣ መዋጮ ይከፍላሉ፣ ለዘመቻ ይወጣሉ። ያቺን መፈክር ግን አይሏትም። ለእነሱ ከሁሉ በላይ ያለው እግዚአብሔር ነው፤ ያን ቦታ ለሌላ አይሰጡም።

እናቴም እጇን አላነሳችም። ከዚያ ቀን በኋላ ቀበሌው ሱቅ ውስጥ የስኳርና የሳሙና ተራዋ ሲደርስ «አልቋል» ትባል ነበር። ከኋላዋ ያለችው ሴት ግን ታገኛለች። እስር ቤት አልገባችም፣ አልተገረፈችም። «የእኔ ምን አላት» ትላለች። እኔ ግን አላት እላለሁ። ሰውን በየቀኑ በሳሙና መቅጣት ቀላል አይደለም።

ነገሩን ሳገላብጠው፣ ደርግ የጠላው ትምህርተ ሃይማኖታቸውን አይመስለኝም። ስለ ጥምቀት ምን ያምናሉ፣ በልሳን ይናገራሉ አይናገሩም፣ ለደርግ ምኑ ነው? የፈለገው ያቺን ቦታ ነው። በሰው ኅሊና ውስጥ ከሁሉ በላይ ያለችውን። እዚያ ሌላ ነገር የተቀመጠበት ሰው አያስተኛውም።

ግን ይህን በግልጽ ቢል ሰው ሁሉ ይነቃበታል። ስለዚህ ከጎረቤት ንቀት ተበደረ። «መጤ» የሚለው ስድብ ሰፈር ውስጥ ድሮም ነበረ፤ እሱ «የሲአይኤ ተላላኪ»ን ጨመረበት። ጎረቤትም ነገሩ የጴንጤ ጉዳይ ነው፣ እኔን አይመለከተኝም አለ።

ይመለከተው ነበር። ቄስ ጉዲና ቱምሳን ታውቋቸዋላችሁ፤ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ። አገር ጥለው እንዲወጡ መንገድ ተመቻችቶላቸው ነበር። ቤተ ክርስቲያኔን ጥዬ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ምሽት፣ ከዑራኤል መካነ ኢየሱስ ከባለቤታቸው ጋር ሲወጡ ታፈኑ። በዚያው ሌሊት ተገደሉ። መንግሥት የት እንዳሉ አላውቅም አለ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ታስረው፣ ተሠቃይተው፣ ወደ 10 ዓመት ገደማ ያለ ፍርድ ቆዩ።

በዚያው ክረምት የተገደሉት ሌላ የሃይማኖት አባትስ ማን ናቸው? አቡነ ቴዎፍሎስ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ! ደርግ በ1968 ከመንበራቸው አውርዶ አሰራቸው፣ በ1971 ገደላቸው። የትልቁ ቤተ ክርስቲያን አባትና የትንሹ ቤተ ክርስቲያን መሪ በአንድ ክረምት። የሁለቱም አጽም ወጥቶ በክብር ያረፈው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ነው። አቡነ ቴዎፍሎስ ጎፋ ገብርኤል ናቸው። ሰው ሁሉ ሄዶ ሊያየው የሚገባ መቃብር ነው እላለሁ፤ ጴንጤውም ሙስሊሙም።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ። ኤርትራን ተመልከቱ። በፈረንጆቹ 2002 መንግሥት ከአራት በቀር ሌላ የእምነት ተቋም አይሠራም አለ፤ ኦርቶዶክስ፣ ካቶሊክ፣ ሉተራንና እስልምና ብቻ። የቀሩት ታሸጉ። ሰዎች ቀን በሚያቃጥል፣ ሌሊት በሚያቀዘቅዝ የብረት ኮንቴይነር ውስጥ ታጎሩ። ሦስት የይሖዋ ምሥክሮች ወታደር አንሆንም ብለው በ1994 ታሰሩ። የተፈቱት በ2020 ነው። 26 ዓመት፣ ያለ ፍርድ። ደግሞ እዚያም ነገሩ ትንንሾቹ ላይ አልቆመም። የኦርቶዶክሱ ፓትርያርክ አቡነ አንጦንዮስ በጣልቃ ገብነቱ አልስማማም አሉ። ከመንበራቸው ወርደው በ2022 እስኪያርፉ ድረስ በቁም እስር ኖሩ። ከዚያ የሸሹ ብዙ ሰዎች ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ጎረቤቶቻችን ናቸው።

ስለ ጎረቤት ካነሳሁ አንዲት ሴት አለችኝ። በእናቴ ሰፈር ትኖር የነበረች፣ ማርያምን አጥብቃ የምትወድ ኦርቶዶክስ። የቀበሌው የሴቶች ማኅበር አባል ነበረች። ፍተሻ ሊመጣ ሲል ትሰማለች። አጥር ላይ ቆማ «እሰይ፣ ልብሱን አስገቢው እንጂ፣ ሊዘንብ ነው!» ትላለች። ሰማዩ ጥርት ብሏል። በቃ፣ እነእናቴ ይበተናሉ። ስለ እምነታቸው አንድም ቀን አልጠየቀቻቸውም። ትስማማ ነበር ወይ ብዬ እናቴን ጠየቅኋት። «ኧረ በፍጹም! ተሳስታችኋል ነበር የምትለን» አለችኝ። ልብሱን ግን አስገቢ ትላለች።

የዚያ ዘመን ደብተሮች ተቃጥለዋል፤ የአባላት ስም እንዳይገኝ አማኞቹ ራሳቸው ናቸው ያቃጠሉት። የቀረው ሰው ላይ ነው። ሰዎቹም አርጅተዋል። ቤታችሁ ቡና ያፈላች፣ አጥር ላይ ቆማ የተጣራች፣ ወይም እዚያ ቀበሌ ስብሰባ ላይ መዝገብ የያዘ ሰው ካለ፣ በዚህ ሳምንት አጠገቡ ተቀምጣችሁ በስልካችሁ ቅዱት። ከፈቀደላችሁ ለእኔም ላኩልኝ፤ ስም አልጠራም። በሚቀጥለው ክፍል ከእናቴ ጋር ነው የምመጣው። እሷም እሺ ብላኛለች።