የፈረንጅ ረዳት

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ከድምፄ ጋር እንደ ፉጨት የሚሰማችሁ ነገር ካለ ነፋስ ነው። ዋዮሚንግ ውስጥ ላራሚ የምትባል ከተማ ነኝ። አይ-80 በሚሉት አውራ ጎዳና ላይ ቀላል ጭነት የያዘ ትሬለር እንዳያልፍ ተከልክሏል። የእኔ ጭነት ደግሞ የድንች ችፕስ ነው። 53 ጫማ ሙሉ አየርና ድንች! ይሄ ነፋስ ቢያገኘኝ እንደ ጃንጥላ ነው የሚገለብጠኝ። ስለዚህ ቆሜያለሁ።

ትናንት ማታ አንድ የድሮ የፓርኪንግ ባልደረባዬ ከሲልቨር ስፕሪንግ ደውሎልኝ ነበር። “ስማ፣ የትራክ ኩባንያው ራሱ ያሰለጥናል፣ ሲዲኤል፣ የትልቅ መኪና መንጃ ፈቃዱን፣ ያስወጣል፣ ነፃ ነው አሉኝ። ልግባበት?” አለኝ። መልሴን ሳልጨርስ ኔትወርኩ ተቆረጠ። ዛሬ ጊዜ አለኝ፣ ለእሱም ለእናንተም እዚሁ ልንገራችሁ።

“ነፃ” የምትለዋን ቃል በመጀመሪያ እናውጣት። እኔም በእሷ ነው የገባሁት። ዲሲ ውስጥ 5 ዓመት ፓርኪንግ ሠርቻለሁ። የግል የትራክ መንጃ ትምህርት ቤት ጠይቄ የሚሉኝን ብር ስሰማ ዝም ብዬ ወጣሁ። እቁቤም ገና አልደረሰኝም ነበር። ኩባንያው ግን ሆቴል እኛ፣ ትምህርት እኛ፣ ሥራም እኛ አለ። የአውቶቡስ ትኬት ሁሉ ላኩልኝ።

ውሉ ላይ የትምህርቱ ዋጋ 6,000 ዶላር ተብሎ ተጽፏል። አንድ ዓመት ከነዳሁላቸው ይሰረዛል። ከዚያ በፊት ከወጣሁ እከፍላለሁ። እኔ ዕዳው በየወሩ እየቀነሰ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። እንደዚያ የሚል ውል አለ። የእኔ ግን አልነበረም። በ11ኛው ወር ብወጣም 6,000ው እንዳለ ነው። ቢያባርሩኝም ያው ነው። ደግሞ ዓመቱ መቆጠር የሚጀምረው ከፈረምኩበት ቀን ሳይሆን ብቻዬን መንዳት ከጀመርኩበት ቀን ነው። ይህቺን መስመር ያነበብኳት ከፈረምኩ በኋላ ነው።

ወንድሜ፣ ከመፈረምህ በፊት እነዚህን ሦስቱን ጠይቃቸው። ዕዳው በየወሩ ይቀንሳል ወይ? ካባረራችሁኝስ? ዓመቱ ከመቼ ይጀምራል? ሌላውን ሁሉ እዚያ ትደርስበታለህ።

ለአጎቴ ለጋሼ ደውዬ ስነግረው ሳቀብኝ። “የፈረንጅ ረዳት ሆንክ በለኛ!” አለ። ጋሼ በደጉ ጊዜ አሰብ መስመር ላይ ኤንትሬ ይነዳ ነበር። ሾፌር ከመሆኑ በፊት ግን ረዳት ነበር። ረዳት ማለት ጎማ ይፈታል፣ ግራሶ ይቀባል፣ ሸራ ያስራል፣ ማታ መኪናው ሥር ይተኛል። ዳገት ላይ መኪናው ሲያቅተው ታኮ ይዞ ዘሎ ይወርድና ከኋላ ጎማ ሥር ይወሽቃል። ከዘገየ መኪናውም ጭነቱም ሾፌሩም ገደል ነው። ደመወዝ? ምግብና አንዳንዴ የሻይ። በምትኩ ሾፌሩ ሌሊት አፋር ሜዳ ላይ ሲደርስ መሪውን ይሰጠዋል። ጋሼ 3 ዓመት እንዲህ ኖረ። ወረቀት አልፈረመም እንጂ ውሉ ከእኔ ውል አይለይም። ላብህን አስቀድመህ ትሰጣለህ፣ እውቀቱን በኋላ ትወስዳለህ።

ወደ ትምህርቱ ልምጣ። ከፌብሩዋሪ 2022 ወዲህ በፌዴራል መንግሥት መዝገብ ላይ ከሌለ አሠልጣኝ ተምረህ ለመንዳት ፈተና መቅረብ አትችልም። ግን ሕጉ ስንት ሰዓት መማር እንዳለብህ አይልም። ስለዚህ አንዳንዱ ኩባንያ በሦስት ሳምንት ያወጣሃል። ፐርሚት (የመለማመጃ ፈቃድ) ከያዝክ በኋላ 14 ቀን ሳይሞላህ አትፈተንም፣ እሷን መዝለል የሚችል የለም። እኛ ስንጀምር ክፍሉ ሙሉ ነበር። በሦስተኛው ቀን ወንበሩ ሳስቷል። አንዱን ደም ግፊት መለሰው፣ ሌላውን በፀጉር የሚደረገው የዕፅ ምርመራ።

ያስጨነቀኝ መንዳቱ አልነበረም። ፕሪ-ትሪፕ የሚሉት፣ ከጉዞ በፊት መኪናውን የመመርመር ፈተና ነው። መኪናውን እየዞርክ እያንዳንዱን ዕቃ በእጅህ እየጠቆምክ፣ ስሙን በእንግሊዝኛ እየጠራህ፣ “ኖት ክራክድ፣ ቤንት ኦር ብሮክን” ትላለህ። መቶ ጊዜ ነው የምትለው። ሻወር ቤት ውስጥ ሁሉ እለው ነበር። ባለቤቴ በስልክ እያስጠናችኝ ሰለቻትና “አልተሰነጠቀም፣ አልተጣመመም፣ አልተሰበረም፣ እኔ ግን ልሰበር ነው” አለችኝ።

ከዚያ የንፋስ ፍሬን ምርመራ አለ። ሞተር ታጠፋለህ። ቢጫውንና ቀዩን የማቆሚያ ፍሬን ቁልፍ ወደ ውስጥ ትገፋለህ። ፍሬን ረግጠህ አንድ ደቂቃ ትይዛለህ። ንፋሱ ከ4 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) በላይ መውረድ የለበትም። ቀጥሎ ፍሬኑን እየደጋገምክ ትረግጣለህ፣ ንፋሱ ይወርዳል፣ 60 አካባቢ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል። አሁንም ትረግጣለህ። ከ45 እስከ 20 ባለው መሀል ቁልፎቹ ራሳቸው ጧ ብለው ይወጣሉ። አንዷን ብትረሳ ወድቀሃል፣ ፈታኞቹ ሌላውን ማየት እንኳ አያስፈልጋቸውም። እኔ በመጀመሪያው ፈተና ማስጠንቀቂያው ጮኸ፣ ደነገጥኩ፣ ቁጥሩን መናገር ረሳሁ። ወደቅኩ። በሁለተኛው አለፍኩ።

እንግሊዝኛህ ነገር ካለው ደግሞ አሁኑኑ ያዘው። ከጁን 25፣ 2025 ጀምሮ መንገድ ላይ ያስቆመህ ኢንስፔክተር በእንግሊዝኛ መግባባት ካልቻልክ እዚያው ከመንዳት ያግድሃል።

መንጃ ፈቃዱ ከመጣ በኋላ እውነተኛው ረዳትነት ጀመረ። 6 ሳምንት ከአንድ አሠልጣኝ ጋር አንድ ጋቢና ውስጥ። ሰውየው ከአርካንሳስ ነው፣ ጺሙ ደረቱ ላይ ይደርሳል፣ ሲያንኮራፋ መኪናው የተነሳ ይመስላል። ክፉ ሰው አልነበረም። ግን የሚከፈለው ትራኩ በሄደበት ማይል ሁሉ ነው፣ እኔ የነዳሁትም ጭምር። አንድ ሾፌር በቀን ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት አይችልም። ሁለት ከሆንን ግን እሱ ቀን፣ እኔ ሌሊት፣ ትራኩ አይቆምም። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ አስተማሪዬ ከመጋረጃ ጀርባ ተኝቶ ነበር። ኋላ ማርሽ ያስተማረኝ ሁለት ቀን ብቻ ነው። መሪውን ወደ ግራ ስታዞር ትሬለሩ ወደ ቀኝ ይሄዳል። አእምሮህ ገብቶታል፣ እጅህ ግን እሺ አይልም።

ብቻዬን በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ማታ አንድ መጋዘን ግቢ ውስጥ ወደ ኋላ ስገባ የቆመ ትራክ መስታወት ነካሁ። ወርጄ ባይ ኖሮ አልነካውም ነበር። በረዶ ስለነበር ሰነፍኩ። የመጀመሪያ ሐሳቤ “መስታወቱ ስንት ነው?” አልነበረም። “ካባረሩኝ 6,000” ነው ያልኩት። ይሄ ዕዳ እንዲህ ነው፣ ጋቢና ውስጥ እንደ ሁለተኛ ሰው ተቀምጦ ይሄዳል። ደግነቱ አላባረሩኝም።

ገንዘቡስ? በማይል ነው የሚከፈልህ። ማይሉ ደግሞ እነሱ በሚቆጥሩት አጭር መንገድ እንጂ ጎማህ በዞረው አይደለም። መጋዘን በር ላይ ቆመህ ስትጠብቅ የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት ባዶ ነው። ሻወር 50 ጋሎን ነዳጅ ስትቀዳ በነፃ ታገኛለህ፣ እውነተኛዋ ነፃ ነገር እሷ ናት። ምግብ ከቤት ያዝ። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ። ከትራክ ስቶፕ የምትበላ ከሆነ ደመወዝህ እዚያው ይቀራል።

እና ልግባ ወይ ላልከኝ፣ አዎ፣ ግባ። ብር ካለህ በራስህ ተማር፣ ከሌለህ ግባ። እኔ አልቆጨኝም። ዕዳው ባይኖር በጃንዋሪ፣ ነብራስካ ላይ፣ ትራኩን ትቼ ቤቴ እገባ ነበር።

ዓመቱ የሞላ ቀን ማንም ምንም አላለኝም። ታብሌቱ ላይ እንደወትሮው ሎድ (አዲስ ጭነት) መጣ። ለጋሼ ደወልኩለት።

“አሁን ነፃ ነህ?” አለኝ።

“ነፃ ነኝ ጋሼ።”

“መኪናው ስንት ማርሽ ነው?”

“አውቶማቲክ ነው።” መንጃ ፈቃዴ ላይ ማንዋል መንዳት አይችልም የምትል ምልክት እንዳለች አልነገርኩትም።

ትንሽ ዝም አለ። “እሺ፣ ዳገት ላይ ቢያቆምህ ታኮ ማን ይጥልልሃል?”

“ቢጫና ቀይ ቁልፍ አለ፣ እስባቸዋለሁ። ንፋሱ ካለቀም ፍሬኑ ራሱ ይይዛል።”

“እና ረዳት የለም?”

“የለም።”

“ታዲያ ከማን ጋር ታወራለህ?”

ይሄንን ማይክ የገዛሁት በዚያው ሳምንት ነው።